ጥብቅ ማለት ስንት ነው?

ቪትዝ መኪና ላይ አንዱን ጎማ የሚይዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ውፍረታቸው 12 ሚሊ ሜትር፤ የትንሿን ጣት እንኳ አያህልም። በአራት ጎማ አስራ ስድስት መሆናቸው ነው። እንጅባራ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ኑሮው የቆመው በእነዚህ አስራ ስድስት ብሎኖች ላይ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ከዚያ ኮንትራት ካገኘ አዲስ ቅዳም፣ ዳንግላ፣ ሲቀናው ደግሞ ቻግኒ ይሄዳል። መኪናዋ አንድ ቀን ከቆመች የዚያ ቀን ገቢ የለም። ሁለት ቀን ከቆመች የእኔ ስልክ ይጮኻል።

እኔ አዲስ አበባ ሶፍትዌር እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ዲግሪዬ ግን የመካኒካል ምህንድስና ነው፤ ይህችን ነገር ቤተሰቦቼ አልረሷትም። አምስት ዓመት ተምሮ መኪና የማይጠግን መሐንዲስ ምን ይባላል የሚለው ጥያቄ በየበዓሉ ከጠላው ጋር አብሮ ይቀርባል። ሳቅ ብዬ ነው የማልፈው። ባለፈው ጥር ግን በሳቅ የሚታለፍ አልሆነም።

ወንድሜ የፊት ሁለቱን ጎማዎች መንገድ ዳር ያለ አንድ ጎሚስታ ቤት አስቀይሮ ነበር። ፈጣኖች ነበሩ ይላል። ኮምፕሬሰሩ ይንደቀደቃል፣ የአየር መፍቻው ድርርርር ይላል፣ ሻይ ሳይጠጣ አለቀ። በዚያው ሰሞን ለጥር 23 በዓል እንድታምር ብሎ ቸርኬዎቹን ብርማ ቀለም አስቀብቷል። በሦስተኛው ቀን ከዳንግላ ተዝካር በልተው ሲመለሱ፣ አዲስ ቅዳምን አለፍ እንዳሉ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። መጀመሪያ የአስፋልቱ ጉድጓድ መሰለው። ጉድጓዱ ቢያልቅም መሪው አላርፍ አለ። ጥግ ይዞ ወረደ። በግራ በኩል ካለው የፊት ጎማ አንዱ ብሎን ከሥሩ ተሰብሮ ከነዳዶው የለም። ሁለቱ ዳዶዎች በጣት ይዞራሉ። ጎማውን የያዘው አንዱ ብቻ ነበር። የኋላ ወንበር ላይ እናቴና ሁለቱ ልጆቹ ነበሩ።

የቀሩትን ሦስቱን አጥብቆ በሃያ፣ በሰላሳ እየነዳ ቤት ገባ። እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቪትዟ ውስጥ አልገባችም፤ በባጃጅ ነው የምትሄደው። ባጃጅ እኮ ያለው ሦስት ጎማ ብቻ ነው ብላት፣ «ታዲያ ለመውለቅ የሚቀረው አንድ አንሷላ!» አለችኝ።

እኔ ለበዓሉ ስደርስ ቤት ውስጥ ፍርዱ አልቆ ጠበቀኝ፤ «ጎሚስታው አላጠበቀውም!» ጎረቤቱም አጎቴም፣ ጎማ ነክተው የማያውቁት ሁሉ በዚህ ተስማምተዋል። ጎማ ላላ፣ ስለዚህ አልጠበቀም። ምክንያታዊ ይመስላል።

ብሎኖቹን ግን አየኋቸው። የተሰበረው ጉማጅ ስብራቱ አካባቢ ቀጥኗል፤ ሲጎትቱት መሃሉ እንደሚቀጥን ማስቲካ። ከቀሩት በአንዱ ላይ ዳዶውን በእጄ ሳስገባ እስከ ግማሽ በደንብ ሄዶ ከዚያ ነከሰ፤ ጥርሶቹ ተለጥጠው እርምጃቸው ተዛብቷል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወንድሜ እግረ መንገዱን የነገረኝ ነገር አለ፤ በዚያው ቀን የቀኙን ጎማም ልፈትሽ ብሎ መፍቻውን ቢያስገባ ዳዶዎቹ ንቅንቅ አላሉም። መፍቻው ላይ ቆሞ ዘሎበታል። አንድ መሣሪያ፣ አንድ እጅ፣ አንድ ቀን፤ በቀኝ ሰው ቢዘልበት የማይፈታ፣ በግራ በጣት የሚዞር። ለእኔ ሁለቱም የአንድ በሽታ ምልክት ናቸው። ጎማው የላላው ከመጠን በላይ ስለጠበቀ ነው።

ይህን ምሳ ላይ ስናገር አጎቴ እንጀራውን እንደያዘ ቀረ። «ስለጠበቀ ላላ? ይሄ ነው የተማርከው?»

በእርግጥ ነገሩ ተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ብሎን እንጨት ላይ እንደተመታ ምስማር አይደለም። ስታጠብቀው በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ተለጥጦም ወደ ቦታው ለመመለስ ይጎትታል። ያ ጉተታ ቸርኬውን ከመሽከርከሪያው ጋር ያጣብቀዋል። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ብሎኑ ራሱ አይደለም፤ በተጣበቁት በሁለቱ ብረቶች መሃል ያለው ሰበቃ ነው። ብሎኑ ጠንካራ ላስቲክ ነው በሉት። ላስቲክ ደግሞ ወሰን አለው። ከወሰኑ በላይ ከጎተትከው ረዝሞ ይቀራል እንጂ አይመለስም። የማይመለስ ላስቲክ አይዝም። አንዱ ብሎን ሲደክም ሸክሙ ወደ ሦስቱ ይሄዳል፤ እነሱም ተለጥጠው የቆዩ ናቸው፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ይወዛወዛሉ፣ መጨረሻ ላይ አንዱ ይበጠሳል። የቸርኬው አዲስ ቀለምም አግዟል። በዳዶውና በብረቱ መሃል የገባ ወፍራም ቀለም ከቀናት በኋላ ይጨፈለቃል፤ የተጨፈለቀችው ቅንጣት ታህል ውፍረት ለዓይን ባትታይም ላስቲኩን ለማላላት ትበቃለች።

አጎቴን ያሳመነው ግን ፊዚክስ አይደለም፤ አባቴ ነው። አባዬ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን፣ በዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን እያሰበ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ያከብራል። አባዬ እንዲህ አለ፦ «ኮርቻ ስትጭን የሆዱን ጠፍር አንዴ አጥብቀህ ዘለህ አትወጣም። ፈረሱ ሆዱን ነፍቶ ነው የሚጠብቅህ። ጥቂት ታስኬደዋለህ፣ ይተነፍሳል፣ ከዚያ እንደገና ታጠብቃለህ። መጀመሪያውኑ በጉልበት ካነቅከው ደግሞ ወይ ጠፍሩ ይበጠሳል፣ ወይ ፈረሱ ይጥልሃል።» አጎቴ ዝም አለ። እኔ ለግማሽ ሰዓት ያልቻልኩትን አባዬ በአንድ ጉርሻ ጊዜ ጨረሰው።

አሁን ወደ መሣሪያው። የአየር መፍቻ፣ ኢምፓክት የሚሉት፣ ብልህ ማሽን ነው። የታመቀው አየር በውስጡ ያለውን ዘንግ ያሽከረክራል፤ ዘንጉ መዶሻ ተሸክሟል፤ መዶሻው እየዞረ የሶኬቱን መያዣ በጎኑ ይመታዋል፣ ያልፋል፣ ተመልሶ ይመታዋል። ድርርርር የሚለው ድምፅ እሱ ነው። እያንዳንዱ ምት አጭርና ኃይለኛ ስለሆነ ዳዶው ይዞራል፤ የያዘው ሰው እጅ ግን አይጠመዘዝም። መሣሪያውን ተወዳጅ ያደረገው ይህ ነው። ችግሩም ይኸው ነው። በእጅ መፍቻ ስታጠብቅ ክንድህ፣ ወገብህ፣ እግርህ ይነግሩሃል፤ «እዚህ ላይ ከበደ፣ በቃ» ይላሉ። ኢምፓክቱ ያንን ወሬ ቆርጦታል። 50 ይሁን 500 እጅህ ላይ የሚሰማህ ንዝረት ያው ነው። በእኔ ሙያ ቋንቋ፣ ትእዛዝ የሚቀበል እንጂ መልስ የማይመልስ ፕሮግራም ነው፤ እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ሰው ገንዘብ የሚቆጥርበት ቦታ ላይ አናስቀምጥም።

በግማሽ ኢንች አፍ የሚሠሩት ተራ ኢምፓክቶች 500 ኒውተን ሜትርና ከዚያ በላይ ያወጣሉ። ጎናቸው ላይ 1፣ 2፣ 3 የሚል ማዞሪያ አላቸው፤ ብዙ ሰው ልክ የሚቆጥር ይመስለዋል። አይቆጥርም፤ የአየሩን መንገድ ማጥበቢያና ማስፊያ ነው። የሚወጣው ኃይል በአየሩ ግፊት፣ በቱቦው ርዝመትና ቅጥነት፣ በሶኬቱ ዓይነት፣ ከሁሉም በላይ ጣትህ ቃታው ላይ በቆየበት ሰከንድ ይወሰናል። ሁለት ሰከንድና አምስት ሰከንድ የተለያዩ ዓለማት ናቸው።

እንጅባራ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማዋ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የከባቢ አየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ኮምፕሬሰር በእያንዳንዱ ምት የሚውጠው የአየር መጠን ያው ቢሆንም አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ስለዚህ ያንኑ ታንክ ለመሙላት ሲሶ ያህል ተጨማሪ ጊዜ ይፈጅበታል። ገበያ ቀን ወረፋ ሲበዛ ታንኩ እስኪሞላ የሚጠብቅ የለም። መጀመሪያ የተያዘው ጎማ በሙሉ ግፊት፣ አራተኛው በተዳከመ ግፊት ይታሰራል። መብራት ሲቆራረጥማ ተዉት። ቤታችሁ ግቢ ውስጥ 50 ሊትር ታንክ ያለው ትንሽ ኮምፕሬሰር ገዝታችሁ ኢምፓክት ልትሰኩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አስቡ፤ ሁለት ጎማ ሳትፈቱ ታንኩ ይንፏቀቃል፣ እናንተም ቃታውን ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ።

ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ጥብቅ ማለት ስንት ነው የሚለው ነው። የጋራዥ ቋንቋችን ሀብታም ነው። ጎሚስታ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ቸርኬ፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፤ ከጣሊያን ወስደን የራሳችን አድርገናቸዋል። ልክን የሚናገር ቃል ግን አልወረስንም። «ጠበቅ አድርገው»፣ «ትንሽ ጨምርበት»፣ «አንድ እጅ ስጠው»። ፊደላችንም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ጠብቆ የሚነበበውንና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። «ገና» ብዬ ብጽፍ በዓሉ ይሁን ጊዜው አልደረሰም ማለቴ ይሁን የምታውቁት ከዙሪያው ነው። ለማንበብ ይበቃል። ለጎማ አይበቃም።

መልሱ የተገኘው መኪናዋ ውስጥ ነው። ከፊት ያለው ኪስ ውስጥ ከፕላስቲክ ሽፋኑ ወጥታ የማታውቅ መጽሐፍ ነበረች፤ በጃፓንኛ የተጻፈች። መኪናዋ አገልግላ የመጣች ስለሆነች መጽሐፏም አብራ መጥታለች። ወንድሜ እስካሁን የቤንዚን ደረሰኝ ማስቀመጫ አድርጓት ነበር። ፊደሉን አንድም አላውቅም፤ ሥዕሎቹን እየገለበጥኩ ጎማ የሚቀየርበት ገጽ ላይ ስደርስ ግን ሁለት ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ 103 እና 1050። የመጀመሪያው በኒውተን ሜትር፣ ሁለተኛው በኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር። ያው አንድ ነገር ነው በሁለት መለኪያ።

103 ትንሽ ይመስላል። ወረቀት ላይ ሠራሁት። ለደረቅና ንጹሕ ብሎን በተለመደው ቀመር ከሄድን፣ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን ላይ 103 ኒውተን ሜትር የሚፈጥረው ጉተታ 43,000 ኒውተን ገደማ ነው፤ ከአራት ቶን በላይ ክብደት እንደማንጠልጠል። ለዚያች ጣት ለማታህል ብረት! ደግሞም ይህ የሚገኘው ከምናፈሰው ጉልበት አስር ከመቶ ከሚሆነው ብቻ ነው፤ የቀረውን ዳዶው ሥርና ጥርሶቹ መሃል ያለው ሰበቃ ይበላዋል። ብሎኑ 10.9 የሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ያለው ቢሆን፣ ሳይበላሽ ሊሸከም የሚችለው ጣሪያ 175 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይመጣል። 500 የሚያወጣ መሣሪያ ለአምስት ሰከንድ ሲይዙበት ምን እንደሚሆን እንግዲህ ጉማጁ ነግሮናል። ሰበቃው ይህን ያህል ድርሻ ስላለው ብሎኑን ግራሶ ወይም ዘይት መቀባትም ልኩን ያፋልሰዋል። በዚያው 103 ላይ ጉተታው በሲሶ ያህል ሊጨምር ይችላል። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ዘይቱን ተዉት።

ቁጥሩ ተገኘ፤ መለኪያው የለም። ቶርክ ሬንች እንጅባራ ላይ ብጠይቅ ሁሉም ስሙን ያውቃል፣ የሚያውሰኝ አላገኘሁም። (አንድ መካኒክ «ነበረኝ፣ ዳዶ ስፈታበት ተሰበረ» አለኝ። ቶርክ ሬንች ደግሞ ለመፍቻ የተሠራ አይደለም።) ይሄኔ ነው 1050 የሚለው ቁጥር የጠቀሰኝ። 1050 ማለት እኮ 21 ኪሎ በ50 ሴንቲ ሜትር ነው። 21 ኪሎ ደግሞ በአዊ ምድር ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ድንች ነው።

ጎረቤታችን እትዬ ድንች ይነግዳሉ። ተንጠልጣይ ሚዛናቸውን ልዋስ ስሄድ፣ «ምን ልትመዝንበት ነው ልጄ?» አሉኝ። ጎማ አልኳቸው። «ጎማው ስንት ኪሎ ቢሆን ምን ያደርግልሃል?» ጎማውን ሳይሆን ጉልበቴን ነው የምመዝነው ስላቸው ወደ ሰማይ አዩና ሚዛኑን ሰጡኝ። «ስንጥቅ እንዳታደርጋት ብቻ፤ ቅዳሜ እፈልጋታለሁ።»

መጀመሪያ የግራውን አራቱንም ብሎኖች ቀየርን። አንዱ ተሰብሮ ሦስቱ ደህና ናቸው የሚባል ነገር የለም። የቸርኬውን ቀለም ዳዶው ከሚያርፍበትና ከኋላው መሽከርከሪያው ላይ ከሚለጠፍበት ገጽ ፍቀን አነሳን። ዳዶዎቹን በእጅ፣ በጣት ብቻ፣ እስኪቆሙ አስገባናቸው፤ ጥርስ ሳይገጥም በማሽን ማስገባት ብሎን ለማበላሸት አቋራጩ መንገድ ነው። መኪናዋን ከክሪክ አውርደን ጎማው መሬት ሲነካ፣ መፍቻው ላይ ቧንቧ አጥልቄ ከዳዶው መሃል 50 ሴንቲ ሜትር ላይ በኖራ ምልክት አደረግኩ። መፍቻውን ወደ ግራ አግድም አዘርግቼ ሚዛኑን ምልክቱ ላይ አንጠልጥዬ ቀጥ አድርጌ ሽቅብ ሳብኩ። የቧንቧውን የራሱን ክብደት ለማካካስ ግማሽ ኪሎ ጨመርኩና 21 ተኩል ላይ አቆምኩ። በመስቀል ቅርጽ፣ አንዱን ከዚያ ፊት ለፊት ያለውን፤ መጀመሪያ ሁሉንም በግማሽ፣ ከዚያ በሙሉ።

ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ያያል። «በቃ? ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«እኔ እኮ ከዚህ እጥፍ አጠብቅ ነበር።»

ሁሉም ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። 21 ኪሎ ልጅ እንኳ ያነሳዋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ቢቆም ግን 690 ኒውተን ሜትር ገደማ ያስገባል፤ ከሚፈለገው ከስድስት እጥፍ በላይ። ስለዚህ ኢምፓክት ብቻ አይደለም ጥፋተኛው። ኢምፓክት የሌለው ረዳት ቧንቧ ይዞ ያንኑ ሲሠራ ኖሯል፤ ማሽኑ አፈጠነው እንጂ አልፈጠረውም።

ከዚያ የወንድሜ ሚስት የጥፍር ቀለም ተዋስኩ። ቀይ። በእያንዳንዱ ዳዶና በብሎኑ ጫፍ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። ዳዶው ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ ጠዋት ጠዋት ሲዞሯት በዓይን ይታያል። ወንድሜ መጀመሪያ አፈረ፣ «መኪናዋን ሙሽራ አደረግካት!» አለ። ዳንግላ ደርሶ ሲመለስ፣ እንደገና በሚዛኑ ፈተሽናት፤ የአባዬ ፈረስ ሆዱን እንደሚያስተነፍሰው። አንዱ ዳዶ ትንሽ ሄደ። ሌሎቹ አልተነቃነቁም።

ቶርክ ሬንቹን የገዛሁት አዲስ አበባ ተመልሼ፣ መርካቶ ሱማሌ ተራ ነው። ከ28 እስከ 210 የሚለካ፣ ልኩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ!» የሚል። የዚህን መሣሪያ ታሪክ ሳነብ ፈገግ ያደረገኝ፣ ፈጣሪው ተብሎ የሚጠቀሰው ኮንራድ ባር የሚባል የኒው ዮርክ ከተማ የውኃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መሆኑ ነው፤ ዘመኑ 1918 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር። የቧንቧ ማያያዣ ብሎኖች በጣም እየጠበቁ ስላስቸገሩት ነው የሠራው። ሰዉን ያስቸገረው ያኔም ቢሆን መላላቱ ብቻ አልነበረም።

ለፋሲካ ስሄድ ይዤው ሄድኩ፤ ከወንድሜ ጋርም ወደ ሰፈራችን ጎሚስታ ጎራ አልን። የመጀመሪያዎቹ አይደሉም፤ እዚህ ያሉት ጋሼ እኔ ልጅ ሆኜ የብስክሌቴን ካላማደሪያ የለጠፉልኝ ሰው ናቸው። አሁን ትልቅ ኮምፕሬሰርና ሁለት ኢምፓክት አላቸው። ደጃቸው ላይ ከፋግታ ለኮማ የዲከረንስ ከሰል ጭኖ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ አይሱዙ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ይሄ መሣሪያዎ ስንት ላይ ነው የሚያቆመው?»

«እስከሚጠብቅ ነዋ።»

«ጥብቅ ማለት ስንት ነው?»

«ጥብቅ ማለት… አይፈታም ማለት ነው።» ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉትና የተናገሩት ነገር እስካሁን ጭንቅላቴ ውስጥ አለ። «ስማኝ ኢንጂነሩ። ጎማ ከላላ ሾፌሩ ተመልሶ መጥቶ አንገቴን ያንቀኛል። በጣም ከጠበቀ ማን ይመጣል? የሚፈታው ያው የእኔ ማሽን ነው። ማንም ‹አጥብቀህብኛል› ብሎ ከሶኝ አያውቅም።»

እንዲህ በግልጽ ያስቀመጠልኝ ሰው አላውቅም። ጎሚስታው ሞኝ አይደለም፤ ሒሳቡ ትክክል ነው። የመላላት ዋጋ ወደ እሱ ይመጣል፤ የመጥበቅ ዋጋ ግን ማታ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ጎማው ተንፍሶበት መፍቻ ላይ ለሚዘል ሾፌር ነው የሚሄደው። ወይም ከሳምንት በኋላ በሌላ ከተማ ለሚበጠስ ብሎን። ማን ከማን ያገናኘዋል? ፍሬን ሲይዝ መሪው የሚንቀጠቀጥበት ሰው፣ ዲስኩ ባልተስተካከለ ጥብቀት መወላገዱን ማን ይነግረዋል? ዲስክ ለውጥ ይሉታል፤ ይለውጣል፤ ያው ኢምፓክት እንደገና ያስረዋል።

ጋሼን አልተከራከርኳቸውም። ይልቅ «እስቲ ማሽኑን ትተው በእጅዎ ይሰሩልኝ» አልኳቸው። የኋላውን አንድ ጎማ አራት ዳዶ በመስቀል መፍቻ አጠበቁ፤ ሳያስቡ፣ ወሬ እያወሩ። ከዚያ ቶርክ ሬንቹን 100 ላይ አድርጌ ሞከርኩ፤ ሦስቱ ሳይነቃነቁ ቀጭ አሉ። 120 አደረግኩት፤ ሦስቱም ጥቂት ተንቀሳቀሱ። የሰላሳ ዓመት እጅ 100 እና 120 መሃል ነው ያለው! አራተኛው ብቻ 90 ላይ ሄደ፤ «ያኔ አንተ ስታወራኝ ነው» አሉ። (የቆመን ዳዶ ማንቀሳቀስ እየዞረ ያለውን ከማጥበቅ ትንሽ ስለሚከብድ፣ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ጥቂት ዝቅ ይላል። ቢሆንም።) ቀጥሎ ሌላኛውን ጎማ እንደ ወትሮው በኢምፓክቱ አሰሩት። ሬንቹን መጨረሻው ላይ፣ 210 ላይ አደረግኩት። አራቱም ንቅንቅ ሳይሉ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከመለኪያው በላይ ናቸው።

ጋሼ ሬንቹን ተቀብለው ራሳቸው ሞከሩት። አንድም ቃል አልተናገሩም። መልሰው ፈቱት፣ በእጅ አስገቡት፣ በኢምፓክቱ በትንሹ አስጠጉት፣ ከዚያ በሬንቹ ጨረሱ። ቀጭ ሲል ልጅ እንደሚስቅ ሳቁ።

«ግን ገበያ ቀን ይሄን ማን ይጠብቅልኛል?» አሉ ትንሽ ቆይተው።

ይህንን ልመልስላቸው አልቻልኩም። አንድ ጎማ ላይ ሁለት ደቂቃ ይጨምራል፤ አስር መኪና ተሰልፎ ሁለት ደቂቃ ብዙ ነው። የሚከፍለው ደግሞ ከፋዩ ሳይሆን ጎሚስታው ነው፤ ደንበኛ «ቶሎ በል» ሲል እንጂ «ለካልኝ» ሲል አልሰማሁም። በዚህ የእኛ የባለመኪናዎቹ ድርሻ ከጎሚስታዎቹ ይበልጣል ባይ ነኝ። ወንድሜ አሁን ኢምፓክት ሊያስሩለት ሲመጡ «አስጠጋውና ተው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ይላል። ሁለት ጊዜ ተስቆበታል። የሞተሩን ዘይት ራሱ ቤት ነው የሚቀይረው፤ የኮፓው ብሎን ጥርስ ከዓመታት በፊት ተላጭቶ ብዙ ገንዘብ ስላስወጣው፣ እሱንም 38 ላይ ቀጭ ያደርገዋል። አሉሚኒየም ላይ የገባ ብሎን ከጎማ ብሎን በብዙ እጥፍ ይቅር የማይል ነው፤ እዚያ አጠገብ ኢምፓክት ማድረስ በጭራሽ አያስፈልግም።

ጋሼ በኖራ ደጃቸው ቆርቆሮ ላይ «ቪትዝ 103» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወደ ከሰሉ መኪና ዞረው «ለአይሱዙስ?» አሉኝ። አይሱዙ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሞዴሉ፣ የብሎኑ ውፍረት፣ አገጣጠሙ ይለያያል፤ የድሮዎቹማ በግራ ጎናቸው ያለው ዳዶ ወደ ግራ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። የራሱን መጽሐፍ ካላየሁ ቁጥር አልሰጥም አልኳቸው። ሾፌሩን ጠሩት። ሾፌሩ ጋቢናውን በረበረ፤ ሊብሬ፣ የቅባት ጨርቅ፣ የማርያም ሥዕል፣ ግማሽ ዳቦ። መጽሐፍ የለም። «ባለቤቱ ጋር አዲስ አበባ ሊኖር ይችላል፣ ስመለስ አመጣዋለሁ» አለ። ጋሼ ከ«ቪትዝ 103» ሥር «አይሱዙ» ብለው ጻፉና ጎኑን ባዶ ተዉት።

ሬንቹን ለወንድሜ ትቼለት ነው የመጣሁት፤ ተጠቅመህ ስትጨርስ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር መልሰው፣ አለበለዚያ ውስጡ ያለው ስፕሪንግ ይደክማል ብዬ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ደወለ። መኪናዋ ደህና ናት፣ ቀይ መስመሮቹም እንዳሉ ናቸው፣ እናቴም ደህና ናት፣ አሁንም በባጃጅ ነው። ችግሩ ሌላ ነው።

«ጋሼ ለአንድ ቀን ብለው የወሰዱትን መሣሪያ ይኸው ሁለት ሳምንታቸው፣ አልመለሱልኝም። ስጠይቃቸው ‹ቆይ፣ ወረፋ አለ› ይሉኛል።»

ቅዳሜ ሱማሌ ተራ እሄዳለሁ።